ልጅ የሌላው ሰው ሐሳብ መቼ ይገባዋል?

በከረሜላ ካርቶን ውስጥ እርሳስ አድርጋችሁ ለ3 ዓመት ልጃችሁ ከፍታችሁ አሳዩት። ከዚያ ዝጉትና «ውስጡን ያላየችው እህትህ ምን አለበት ትላለች?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኞቹ የ3 ዓመት ልጆች «እርሳስ» ይላሉ፤ እነሱ ያወቁትን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስላቸዋል። ከ4 እስከ 5 ዓመት ገደማ መልሱ «ከረሜላ» ይሆናል። ሰው የተሳሳተ ነገር ሊያምን እንደሚችል ገባቸው ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ዊመርና ፐርነር ይህን ችሎታ የፈተሹበትን ዝነኛ ጥናት በ1983 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ችሎታው እስከ ጉርምስና እየረቀቀ ይሄዳል።

ልጆች አሳማኝ ውሸት መዋሸት የሚጀምሩትም በዚሁ ዕድሜ አካባቢ ነው። እባካችሁ፣ ዱላ አታንሱ! ይልቅ ስለ ሰው ስሜትና ሐሳብ አብዝታችሁ አጫውቷቸው፦ «እህትህ ለምን የተከፋች ይመስልሃል?»