ከጃፓን ምን ወሰድን? ምንስ ተውን?

ከመግሪብ በኋላ መገናኛ ላይ ለታክሲ የተሰለፈ ሰው ጃፓንን ሳያይ ወደ ቤቱ አይገባም። ወደ ኮተቤ፣ ወደ አያት፣ ወደ ገርጂ የሚጭነው ሚኒባስ ቶዮታ ነው። በአጠገቡ የሚሽሎከለከው ቪትዝም ያው ቶዮታ ነው። ሰልፉ ሲረዝምና ወሬ ሲነሳ ደግሞ አንድ የቆየ ጥያቄ ይከተላል። «እኛ ጣሊያንን አድዋ ላይ ያሸነፍነው እነሱ ሩሲያን ከማሸነፋቸው 9 ዓመት ቀድመን ነው። ታዲያ እነሱ መኪና ሠሪ፣ እኛ መኪና ጠባቂ እንዴት ሆንን?»

ጥያቄው ተራ ቀልድ ይመስላል፤ ግን አባቶቻችንም ከመቶ ዓመት በፊት ጠይቀውታል። ለመመለስ ሲሉም ከጃፓን የወሰዱት ነገር አለ፣ የተዉትም አለ። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም እናያለን። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጃፓን ከየት ተነሳች?

ጃፓን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሯን ለውጭ ሰው ዘግታ ኖራለች። በ1853 አራት የአሜሪካ የጦር መርከቦች ወደ ኤዶ ባሕረ ሰላጤ፣ ማለትም ወደ ዛሬው ቶኪዮ መጡ። በ1858 ከአምስት ኃያላን መንግሥታት ጋር ውል ለመፈረም ተገደደች። በውሉ መሠረት ጃፓን ውስጥ ወንጀል የሠራ የውጭ ሰው የሚዳኘው በአገሩ ቆንስል ነበር። የጉምሩክ ቀረጥንም ጃፓን ብቻዋን መወሰን አትችልም ነበር።

በ1868 የሜይጂ ዘመን ተጀመረ። መንግሥት መልእክተኞቹን ወደ አውሮፓና አሜሪካ ልኮ አሠራራቸውን አስጠና፣ በ1872 የትምህርት ሥርዓት ዘረጋ፣ ለሳሙራይ መደብ በውርስ የሚከፈለውን ደመወዝ በ1876 አስቀረ። ይህ ሁሉ በሰላም አላለፈም፤ ገበሬው የግዴታ ውትድርናን ተቃውሞ ተነስቷል፣ ሳሙራዮችም አምፀዋል። የቆንስል ዳኝነቱ የቀረው በ1899፣ ቀረጥን በራስ የመወሰን መብት የተመለሰው ደግሞ በ1911 ነበር። ውርደቱን ለማስወገድ ከአርባ ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው።

ሩሲያ በ1905 ስትሸነፍ ዜናው የሙስሊሙን ዓለምም አነቃነቀ። ግብፃዊው ሙስጠፋ ካሚል ገና ጦርነቱ ሳያልቅ በ1904 ስለ ጃፓን «ፀሐይ የምትወጣበት» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ታታሩ ዐሊም ዐብዱረሺድ ኢብራሂም በ1909 ጃፓን ደረሱ፤ በዚያው ዓመት ኦማር ያማኦካ የተባለ ጃፓናዊ ሐጅ አደረገ።

የእኛ ሰዎች ጃፓንን ለምን ተመለከቱ?

በአድዋ ድል ያደረገችው ኢትዮጵያም በ1908 ከፈረንሳይ ጋር በፈረመችው ውል ከጃፓን ጋር የሚመሳሰል ቀንበር ገባች። በክሎቡኮውስኪ ስም የሚታወቀው ይህ ውል ለውጭ ዜጎች የቆንስል ዳኝነትን ሰጠ፣ የአገሪቱንም የቀረጥ ሥልጣን ገደበ። የጦር ሜዳው ድል በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ሲሸረሸር ያዩ የተማሩ ሰዎች «ጃፓን ከዚህ እንዴት ወጣች?» ማለት ጀመሩ። ከእነሱ አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበሩ፤ ዕውቀትና የራስ ኢንዱስትሪ የሌለው ሕዝብ ነፃነቱ እንደማይዘልቅ አበክረው ጽፈዋል።

ገበያውም ጃፓንን ያውቃት ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከጅቡቲ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ከሚገባው የጥጥ ጨርቅ ትልቁ ድርሻ የጃፓን ሆነ። ቀድሞ የአሜሪካ የነበረውን የአቡጀዲ ገበያ በርካሽ ዋጋ ወሰደችው።

የተቀዳው ሕገ መንግሥት

ከጃፓን የተወሰደው ትልቁ ነገር ግን ጨርቅ አልነበረም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁትና ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም የታወጀው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1889 ከወጣው የሜይጂ ሕገ መንግሥት የተቀዳ ነበር። ሁለቱም ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ የሰጡት ስጦታ ሆነው ቀረቡ። የንጉሡ አካል አይደፈርም፣ ምክር ቤቱም ሁለት ነው።

ልዩነቱን ግን ልብ እንበል። በጃፓን የታችኛው ምክር ቤት አባላት ከ1890 ጀምሮ ይመረጡ ነበር፤ መራጮቹ በግብር የተወሰኑ ጥቂት ወንዶች ቢሆኑም ምርጫው ነበር። በእኛ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ አባላቱን መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡ ተደነገገ።

ለእኛ ለሙስሊሞች የበለጠ የሚነካን ሌላው ልዩነት ነው። የሜይጂ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ሰላምና ጸጥታን እስካላወከና ከዜግነት ግዴታ ጋር እስካልተቃረነ ድረስ የሃይማኖት ነፃነት ይሰጣል። በ1923 ዓ.ም በወጣው የእኛ ሕገ መንግሥት ውስጥ የመንቀሳቀስ፣ የንብረት፣ የደብዳቤ ምስጢር መብቶች ተዘርዝረዋል፤ ስለ ሃይማኖት ነፃነት ግን አንድም አንቀጽ የለም። ከጃፓን የንጉሡ ሥልጣን ተቀድቶ መጣ፣ ያ አንቀጽ ግን እዚያው ቀረ።

በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የአምልኮ ሥርዓት እንደማይከለከል ጻፈ፤ ሆኖም ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አደረገ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም ሙስሊሞች ከክርስቲያን ወንድሞቻቸው ጋር በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሃይማኖት እኩልነትን ጠይቀው ሰልፍ የወጡት ከዚያ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት 43 ዓመት በኋላ ነበር።

ይህ ማለት ጃፓን የፍትሕ አገር ነበረች ማለት አይደለም። የቶኪዮ መስጊድ በ1938 ተከፍቶ ዐብዱረሺድ ኢብራሂም ኢማሙ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት በወጣው የሃይማኖት ድርጅቶች ሕግ ውስጥ ግን እስልምና እንደ ቡዲዝምና ክርስትና በስሙ አልተጠቀሰም። መስጊዱን በደስታ የተቀበለው መንግሥት በእስያ ለሚያስፋፋው ግዛቱ የሙስሊሞችን ድጋፍ ይፈልግ ነበር።

ወዳጅነቱ የተፈተነበት ቀን

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 መጨረሻ ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ ስለ አገሪቱ መጽሐፍ ጻፉ። አብረዋቸው የሄዱት ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ለማግባት አስበው ዕጮኛ እስከ መምረጥ ደርሰው ነበር፤ ጣሊያን ነገሩን በክፉ ዓይን አየችው፣ ጋብቻውም በ1934 ቀረ።

በ1935 ጣሊያን ልትወረን ስትዘጋጅ ብዙ ጃፓናውያን ለኢትዮጵያ ድጋፋቸውን በአደባባይ ገለጹ። በሮም የጃፓን አምባሳደር የነበሩት ሱጊሙራ ግን አገራቸው በኢትዮጵያ የፖለቲካ ጥቅም እንደሌላት ለሙሶሊኒ ተናገሩ። በ1936 መጨረሻ ጃፓን አዲስ አበባ ያለውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ለወጠች፤ ይህም የጣሊያንን ወረራ መቀበል ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጃፓን ራሷ በ1931 የቻይናን ማንቹሪያ ወርራ ስለነበር ወረራዋን የሚቀበልላት አገር ትፈልግ ነበር። የእኛ ጉዳይ ለዚያ መለዋወጫ ሆነ።

ከጦርነቱ በኋላ

ግንኙነቱ በ1955 ታደሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1956 ቶኪዮን ጎበኙ። በ1964 ደግሞ አበበ ቢቂላ በዚያው ከተማ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ ስሙን በጃፓናውያን ልብ ጻፈ።

በቅርቡ የመጣው ካይዘን ነው። በ2008 ዮኮሃማ ላይ ከተካሄደው የጃፓንና የአፍሪካ ጉባኤ ወዲህ መንግሥት የጃፓንን እርዳታ ጠይቆ፣ በ30 ገደማ ፋብሪካዎች ሙከራ ተደርጎ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ካይዘን በትንሽ በትንሹ ሳያቋርጡ ማሻሻል ነው። የማያስፈልገውን ማጣራት፣ ዕቃን በቦታው ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ይህንን ማላመድና ማዝለቅ። ብዙ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እናየዋለን። ፖስተሩ መለጠፉ ግን ሥራው ተሠራ ማለት አይደለም። የካይዘን ዋና ነገር ማሽኑ ላይ የቆመው ሠራተኛ ችግሩን ተናግሮ የሚሰማው ማግኘቱ ነው። አለቃው ካልሰማ የቀረው ቅርፁ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን እንያዝ?

ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ በመንግሥታት መካከል ያለ ወዳጅነት ጥቅም እስካለ የሚቆይ ነው። በ1928 ዓ.ም ኢትዮጵያ ይህን በደም ተምራለች። ሁለተኛ፣ ከሌላ አገር ስንቀዳ ለገዢ የሚመቸውን ብቻ መርጠን ከቀዳን፣ ያስቀረነው ነገር ከዓመታት በኋላ ጥያቄ ሆኖ አደባባይ ይወጣል።

መገናኛ ላይ «እነሱ እንዴት ሠለጠኑ?» ብሎ ለሚጠይቀን ወንድም መልሳችን ይኸው ነው። ጃፓን ያደገችው ልጆቿን አስተምራ፣ የውጭውን አጥንታ፣ ውርደቷን ለማስወገድ አርባ ዓመት ታግሣ ነው። ወንድሞቹን የወረረችበትን መንገድ ግን ለባለቤቱ እንተወዋለን። ቀጥሎ ከማንም ስንቀዳ፣ የሃይማኖትና የዜግነት መብት ያለበትን ገጽ እንዳንዘል።