አዲስ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ለተቀበለ ጀማሪ

በሬዲዮ ምህንድስና ሙያ የቆየሁ እንደ መሆኔ፣ ፈቃዱንና የጥሪ ምልክቱን ገና የተቀበለ ጀማሪ ሁሉ ከማሰራጫው አስቀድሞ ለአንቴናው እንዲተጋ አጥብቄ እመክራለሁ፤ መልካም አንቴና የሚላከውንም የሚሰማውንም ያበረታልና። ለ14 ሜጋኸርዝ ግድም፣ ከወገቡ ተከፍሎ በኬብል የተያያዘ፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 10 ሜትር ያህል የሆነ የመዳብ ሽቦ ከፍ ብሎ ቢሰቀል፣ ሞገዱ ከአዮኖስፌር ተመልሶ፣ የፀሐይ ሁኔታ በፈቀደ ጊዜ፣ ከክፍለ ዓለም ወደ ክፍለ ዓለም ይሻገራል። ሽቦው ግን ከኤሌክትሪክ መስመር ፈጽሞ ይራቅ፤ ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ከዚያ በኋላ በጽሞና ማዳመጥ ይቅደም፤ ከመጥራትም በፊት የሚጠሩበት የሬዲዮ ሞገድ በሌላ ሰው አለመያዙን መጠየቅ ሥርዓት ነው። በተለይ በ«ኢቲ» የሚጀምር የኢትዮጵያ ጥሪ ሲሰማ ከየአገሩ ብዙዎች ስለሚሻሙበት፣ ባለቤቱ አጭርና ግልጽ መልስ መስጠትን አስቀድሞ ይልመድ።