ልጆችን ይዞ በካታማራን ወደ ደሴት፦ ከመሳፈራችሁ በፊት ይህን አንብቡ



የትምህርት ቤት እረፍት ሲቃረብ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትልኩልኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ልጆቹን ይዘን ዛንዚባር ልንሄድ ነው። ሙሉ ቀን የጀልባ ሽርሽርም አለው። ለማስመለስ ምን መድኃኒት እንያዝ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እመልሰዋለሁ። ግን ማስመለስ ቀኑን ያበላሻል እንጂ ሰው አይገድልም። በዚያ ቀን ከሆነ በኋላ ሊመለስ የማይችለው ነገር ሌላ ነው፦ ልጅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ማንም ሳያየው መቅረቱ። ስለዚህ ዛሬ ስለ መድኃኒቱም፣ ስለ ፀሐዩም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ውሃው እናውራ።

ካታማራን ምንድን ነው?

ሁለት ጠባብ ጀልባዎች ጎን ለጎን ሆነው ከላይ በአንድ ሰፊ ወለል የተያያዙ ብላችሁ አስቡት። እግሩን ዘርግቶ እንደቆመ ሰው ስለሆነ እንደ ተራ ጀልባ ወደ ጎንና ጎን ብዙ አይወዛወዝም። ወለሉ ሰፊ ነው፣ ጥላ አለው፣ ከፊት በኩል ሰው የሚጋደምበት የተወጠረ መረብ አለው። ለቤተሰብ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ጠዋት ከስቶን ታውን ወይም በሰሜን ካሉት ከኑንግዊና ከኬንድዋ ተነስቶ፣ መሃል ላይ ቆም ብሎ ዋኝቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ማታ መመለስ ነው።

ደስ የሚል ቀን ነው። ግን አንድ ነገር እንነጋገር። አብዛኞቻችን ያደግነው በደጋ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ልጆቻችን የሚያውቁት ውሃ የሆቴል መዋኛ ገንዳ ነው፤ እኛ ወላጆች ደግሞ ብዙዎቻችን ዋና አንችልም። ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ግን ልጁ ቢሰጥም ዘለን ገብተን ማውጣት አንችልም ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ ዋና መከላከያ ዓይናችን ነው።

1. መስጠም ድምፅ የለውም

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2021 ብቻ በዓለም 300,000 ገደማ ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ወደ ሩብ የሚጠጉት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

ፊልም ላይ የሚሰጥም ሰው እጁን እያወናጨፈ «አድኑኝ!» ብሎ ይጮኻል። በእውነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይሆንም። ለመጮህ አየር ያስፈልጋል፤ የሚሰጥም ልጅ ደግሞ አፉ ከውሃ በላይ ብቅ በምትልባት ቅጽበት መተንፈስ እንጂ መናገር አይችልም። እጁንም አያውለበልብም፣ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል። ከሩቅ ለሚያየው የሚጫወት ይመስላል። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

ምልክቶቹን ያዙ፦
• ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ፣ አፉ ከውሃው ጋር እኩል የሆነ
• ቀጥ ብሎ እንደቆመ ሆኖ ወደ ፊት የማይሄድ
• ሲጠሩት የማይመልስ፣ ዓይኑ የፈዘዘ
• ሲጫጫ የነበረ ልጅ በድንገት ዝም ያለ

የመጨረሻዋን አትርሱ። ልጆች ውሃ ውስጥ ሲጫወቱ ይንጫጫሉ። ዝም ሲሉ ቶሎ ዞር ብላችሁ እዩ።

2. «የውሃ ተረኛ» መድቡ

ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ተረኛ ሐኪም አለ። ለምን? «ሁላችንም አለን» ከተባለ ማንም የለም ማለት ስለሆነ ነው። ጀልባ ላይም ያው ነው። አባት እናት እያየች ነው ይላል፣ እናት አክስት አለች ትላለች፣ አክስት ቪዲዮ እየቀረጸች ነው።

ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት ተራ አውጡ። አንድ አዋቂ ለ20 ደቂቃ ያህል «የውሃ ተረኛ» ይሆናል። ተረኛው ስልክ አይነካም፣ መጠጥ አይቀምስም፣ ወሬ አይጀምርም፣ ዓይኑ ከልጆቹ ላይ አይነሳም። ሲቀይር «አንተ ነህ ተረኛ» ብሎ በቃል ያስረክባል። ሌላው ዘና ይበል! ዋና ለማይችሉ ትንንሽ ልጆች ደግሞ ማየት ብቻ አይበቃም፤ እጃችሁን ብትዘረጉ የምትነኳቸው ርቀት ላይ ሁኑ። ሠራተኞቹ አሉ ብላችሁ አትተማመኑ፤ እነሱ መልህቅ ይጥላሉ፣ ምሳ ያቀርባሉ፣ የሌሎች ሰዎችንም ልጆች ያያሉ።

ማንም ሰው ውሃ ከመግባቱ በፊት ሞተሩ መጥፋቱን ጠይቁ። የማዕበሉንም ነገር አስቡ። ከስቶን ታውን ፊት ለፊት «ናኩፔንዳ» የሚባል ነጭ አሸዋ አለ፤ ስሙ በስዋሂሊ «እወድሃለሁ» ማለት ነው። ባህሩ ሲጎድል ይወጣል፣ ሲሞላ ይሸፈናል። በዛንዚባር የውሃው ከፍታ በአንድ ቀን ውስጥ በ3 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊለዋወጥ ይችላል። ረፋዱ ላይ ልጁ ጉልበቱ ድረስ የቆመበት ቦታ ከምሳ በኋላ ከቁመቱ ሊበልጥ ይችላል።

3. ላይፍ ጃኬት፦ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»

ገና ጉዞውን ስትይዙ «የልጅ ልክ ላይፍ ጃኬት አላችሁ ወይ? ልጄ ይሄን ያህል ኪሎ ነው» ብላችሁ ጠይቁ። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ አይሆንም፣ ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። ሲያለብሱት ሁሉንም ማሰሪያ ይቆልፉ፣ ከዚያ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ሳብ ያድርጉት። አገጩንና ጆሮውን አልፎ ከወጣ ሰፍቶታል፣ ይቀየር። ለትንንሾች በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሻላል።

ልጆች ጃኬቱን መልበስ ያለባቸው ሲዋኙ ብቻ አይደለም፤ ጀልባው ሲጓዝም ነው። በተለይ መረቡ ላይ ሲቀመጡ፣ ያውም ካፒቴኑ ሲፈቅድና አዋቂ አብሯቸው ሲሆን ብቻ። ዋና የማይችል አዋቂም ይልበስ፤ ልጅ ወላጁን አይቶ ነው የሚለብሰው። ክንድ ላይ የሚገባ ፕላስቲክና በአየር የሚነፋ ጎማ ግን መጫወቻ እንጂ የሕይወት ማዳኛ አይደለም። ነፋስ ሲነሳ ልጁን ይዞ ወደ ጥልቁ ይሄዳል።

4. አሁን ወደ ጥያቄያችሁ፦ ማስመለስ

ዓይናችን «ቆመናል» ሲል፣ በውስጠኛው ጆሯችን ያለው ሚዛን ጠባቂ ደግሞ «እየተንቀሳቀስን ነው» ሲል አንጎል ግራ ይጋባል። ማቅለሽለሹ ከዚያ ይመጣል። ከ2 ዓመት በታች ባሉት ብዙም አይታይም፤ ከ2 እስከ 12 ዓመት ባሉት ግን ይበዛል። ካታማራን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በእኛ ክረምት ወቅት ደግሞ በዚያ አካባቢ «ኩሲ» የሚሉት የደቡብ ነፋስ ይነፍሳል፤ በተለይ በምሥራቁ ዳርቻ ባህሩ ይናወጣል። ካፒቴኑ «ዛሬ አንወጣም» ካለ አትከራከሩት።

ያለ መድኃኒት የሚረዱ ነገሮች፦
• ጠዋት ቀለል ያለ ምግብ መብላት፤ ባዶ ሆድም፣ ቅባት የበዛበትም አይሆንም
• ከጀልባው መሃል ወይም ከኋላ በኩል፣ አየር ባለበት መቀመጥ
• ሩቅ፣ ሰማይና ባህር የሚገናኙበትን መስመር ማየት
• ስልክና ታብሌት መዝጋት። ልጁን ዝም ለማሰኘት ካርቱን መክፈት ማስመለሱን መጥራት ነው።

መድኃኒት ካስፈለገስ?
• ዳይመንሃይድሪኔት፦ ከ2 ዓመት በታች አይሰጥም፤ ከመሳፈር በፊት ከግማሽ እስከ 1 ሰዓት ሲቀር ይወሰዳል። መጠኑ እንደ ዕድሜው ስለሆነ ፋርማሲስት ጠይቁ።
• ሜክሊዚን፦ ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ አይመከርም።
• ፕሮሜታዚን፦ ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ትንፋሽን እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል።
• ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙዎቻችን «ፕላሲል» የምንለው፦ «የማስመለስ መድኃኒት ነው» ተብሎ ከቤት ይያዛል። ለጉዞ ማቅለሽለሽ ግን አይሠራም፤ በልጆች ላይ ደግሞ የአንገትና የፊት ጡንቻ መኮማተር ሊያመጣ ይችላል። ተዉት።

ሌላ ልብ በሉ፦ ከላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እንቅልፍ ያመጣሉ። መድኃኒት የወሰደ ልጅ ደንዝዞ ውሃ ውስጥ አይግባ። የወሰደ አዋቂም የውሃ ተረኛ አይሁን፣ መጠጥም አይጨምርበት። አንዳንድ ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ይቅበጠበጣል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባ ላይ አትሞክሩት። ነፍሰ ጡር እናቶች ያለ ሐኪም ምክር ምንም አትውሰዱ።

5. ፀሐይና ሙቀት

«እኛ ጥቁሮች ነን፣ ፀሐይ አያቃጥለንም» የሚል አለ። የቆዳችን ቀለም ይከላከላል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተደቡብ 6 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናት። ፀሐይዋ ከላይ ትመጣለች፣ ከውሃውና ከነጩ አሸዋ ላይም ትንጸባረቃለች፤ ነፋሱ ደግሞ ቀዝቀዝ ስለሚያደርግ መቃጠላችሁን ማታ ነው የምታውቁት። ከረፋዱ 4 እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ ሁኑ። ለልጆች እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስና ማሰሪያ ያለው ኮፍያ፤ ለተጋለጠው ቆዳ ኤስ ፒ ኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ውሃ የሚቋቋም ሰንስክሪን በየ2 ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ግን በጥላና በልብስ ነው የሚጠበቀው።

ከደጋ ወርዶ ሰውነት ሙቀት እስኪለምድ ከሳምንት በላይ ይፈጃል። የባህር ሽርሽሩን በደረሳችሁ ማግስት አታድርጉት። ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ፤ ኦ አር ኤስ ያዙ። አያቶች አብረው ካሉና የደም ግፊት መድኃኒታቸው ሽንት የሚያበዛ ከሆነ ቶሎ ይደርቃሉ፤ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

6. ደሴቷ ላይ ስትወርዱ

ባዶ እግር አትሂዱ። ድንጋያማው ቦታ ላይ ጥቁር፣ ክብ፣ እሾሃም የባህር ጃርት አለ። ከወጋ፣ የሚታየውን እሾህ አውጥታችሁ እግሩን በሚቻለው ልክ ሙቅ በሆነ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ አቆዩት፤ ሙቀቱን አዋቂ አስቀድሞ በእጁ ይሞክር። ጄሊፊሽ ከነካው በባህር ውሃ እጠቡት፣ አትሹት፤ ሽንት የሚባለውን ነገር እርሱት።

ብዙዎች የሚጎበኟት ቻንጉ ደሴት («ፕሪዝን አይላንድ») በ1890ዎቹ ለእስር ቤት ታስቦ የተሠራባት፣ በኋላ ግን ከበሽታ ጋር የተጠረጠሩ ተጓዦች ተለይተው የሚቆዩባት ቦታ ነበረች። ዛሬ ትልልቅ ኤሊዎች አሉባት፤ ልጆች ይወዷቸዋል። ኤሊ ግን ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ይዞ ጤነኛ ሆኖ ሊኖር ይችላል። ከነኩ በኋላ፣ ምሳ ከመብላታቸው በፊት፣ እጅ በሳሙና!

7. ልጅ ከውሃ ውስጥ ራሱን ስቶ ቢወጣ

ዋና የማትችሉ ከሆነ ዘላችሁ አትግቡ፤ ጩኹ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ወይም ገመድ ወርውሩ። ከወጣ በኋላ፦
• ዘቅዝቃችሁ አትያዙት፣ ሆዱንም አትጫኑት። ውሃውን ለማውጣት ብላችሁ ጊዜ አታጥፉ።
• የማይነቃና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኙት፣ አገጩን ቀና አድርጉ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ 5 ጊዜ ትንፋሽ ስጡት።
• ካልነቃ ደረቱን መሃል ላይ 30 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተጫኑ፣ ከዚያ 2 ትንፋሽ፤ እርዳታ እስኪደርስ ወይም መተንፈስ እስኪጀምር ቀጥሉ።
• ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢልም የሚያስል፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ የሚያንቀላፋ ወይም የሚያስመልስ ከሆነ ያኔውኑ ሆስፒታል። ራሱን ስቶ የነበረ ልጅ ግን ምንም ምልክት ባይታይበትም መታየት አለበት።

8. ከጉዞው በፊትና በኋላ

ታንዛኒያ ከኢትዮጵያ ለሚመጡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መሆን አለበት፤ ካርዱ ከ2016 ወዲህ የዕድሜ ልክ ነው። ዛንዚባር ላይ ወባ ቢቀንስም አልጠፋም፤ የአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ የመከላከል አቅም የላቸውም። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ መከላከያ ኪኒን ሐኪም አማክሩ፣ አጎበር ተጠቀሙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ወራት ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» አትበሉ፤ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

እንግዲህ ሻንጣ ስታዘጋጁ ሰንስክሪኑንም፣ መድኃኒቱንም፣ ኦ አር ኤሱንም ያዙ። ግን አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይቺን ያዙ፦ ጀልባው ላይ በማንኛውም ደቂቃ «አሁን ተረኛው ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የአንድ ሰው ስም መጠራት አለበት።

አብሯችሁ ለሚጓዝ ቤተሰብ ዛሬውኑ ላኩለት፤ ተራውንም ከመሳፈራችሁ በፊት ተከፋፈሉ። ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ ነው፤ ለልጅዎ የሚሆነውን መድኃኒትና መጠን ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ።

መልካም ጉዞ፣ በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ!