አንበጣ የሚቆጠረው ሳይነሣ ነው

ያገራችን ገበሬ አንበጣን የሚያውቀው ሰማዩን ሸፍኖ ሲመጣ ነው። ቆርቆሮ ይደበድባል፤ ጅራፍ ያጮኻል፤ ጭስ ያጨሳል። ነገር ግን መንጋው ማሳ ከደረሰ ወዲያ ሩጫው ሁሉ የዘገየ ነው። አንበጣ የሚያዘው ገና ጥቂት ሳለ፣ በተፈለፈለበት አሸዋ ላይ ነው።

ከዋና ዋናዎቹ መራቢያዎች አንዱ የቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ነው። ወዲህ የኤርትራና የሱዳን ጠረፍ፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን የተዘረጋው የቲሃማ ሜዳ። ጅዳ ያሉ ወገኖቻችን ሙቀቱን ያውቁታል። ይህ ጠረፍ ዝናብ የሚያገኘው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። ያን ጊዜ ሴቷ አንበጣ እርጥብ አሸዋ መርጣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ ዘልቃ እንቁላሏን ትቀብራለች። የሚፈለፈለውም ክንፍ የሌለው ኩብኩባ ነው።

የአሰሳ ባለሙያዎች ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በመኪና ሜዳውን ያስሳሉ። ሣር የለመለመበት ሲደርሱ ይወርዱና ርቀት ለክተው በእግራቸው እየሄዱ ከፊታቸው ብድግ የሚለውን አንበጣ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። አሸዋውን ቆፍረው እርጥበቱን ያያሉ፤ ግመል ጠባቂውን «ምን አየህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለብቻው የሚኖር አንበጣ አሸዋ መስሎ ይደበቃል፤ ሲጨናነቅ ግን ጠባዩም መልኩም ይለወጣል። ኩብኩባው ቢጫና ጥቁር ከሆነና ተሰብስቦ መጓዝ ከጀመረ አደጋ አለ ማለት ነው።

ችላ ሲባል የሚደርሰውን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1958 ኢትዮጵያ 167,000 ቶን እህል አጥታለች፤ ይህ አንድ ሚሊዮን ሰው ለዓመት የሚቀልብ ነው። በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች አዲስ አበባ ላይ ተፈራርመው የጋራ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አቋቋሙ። በ2018 ግን ሁለት ከባድ የባሕር አውሎ ነፋሶች የዓረቢያን በረሃ አረጠቡት። ሰው በማይደርስበት ስፍራ አንበጣው ተራባ፤ የመንም በጦርነት ላይ ስለነበረች አሰሳው ተሰናከለ። በ2019 መንጋው ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ በ2020 የኢትዮጵያ ገበሬ ለአጨዳ የደረሰ ሰብሉን ተበላ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ምግብ ይጨርሳል።

መንጋ ሲመጣ ገንዘብ ይዋጣል፤ አውሮፕላን ይነሣል። መንጋው ሲጠፋ የአሰሳ መኪና ቤንዚን የሚሞላለት ይጠፋል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። በጸጥታው ዘመን አሸዋ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚቆጥረው ሰው የወሎንና የሐረርጌን ጎተራ እየጠበቀ ነው።