ቅዳሜን የሚያከብር ክርስቲያን

ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እናትየውም እስከዚያ ድረስ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። የአሳማም የግመልም ሥጋ አይበላም። በጾም ወቅት እንኳ፣ ከቀዳም ሥዑር በቀር፣ ቅዳሜ እህል ውኃ ሳይቀምሱ አይዋልም። ይህን ሁሉ የሚፈጽም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን “የሙሴን ሕግ ነው የምትጠብቀው?” ቢባል ግር ይለዋል። እሱ የሚያውቀው ክርስቲያን መሆኑን ነው።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን ነገሩ ያጠያይቃል። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ግዝረትን የመዳን መንገድ አድርገው የሚሰብኩትን አጥብቆ ይገሥጻል። የጳውሎስ መልእክት በየቅዳሴው የሚነበብለት ሕዝብ ታዲያ ከኦሪት ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልሱን ለማግኘት የመጀመሪያው ክርክር በምን ላይ እንደነበረ መለየት ይጠቅማል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 እንደተጻፈው፣ ኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት ሐዋርያት የተጠየቁት ከአሕዛብ ወገን ያመኑ ሰዎች የግድ መገረዝ አለባቸው ወይ ተብለው ነው። የግድ አይደለም አሉ። ሆኖም ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ታንቆ ከሞተና ከዝሙት እንዲርቁ አዘዙ። ከአራቱ ሦስቱ የማዕድ ነገር መሆናቸውን ብዙ አንባቢ ሳያስተውል ያልፋል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ደግሞ ያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ይገርዘዋል። ስለዚህ የተዘጋው በር “ካልፈጸምክ አትድንም” የሚለው ነው፤ ለሌላ ምክንያት መፈጸም አልተከለከለም። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ግን መናገር ያስፈልጋል።

ከሁሉ በግልጽ የተናገረው ዐፄ ገላውዴዎስ ይመስለኛል። በ1555 (ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የኢየሱሳውያን ማኅበር መልእክተኞች ወደ ቤተ መንግሥቱ መጥተው ነበር። ንጉሡ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ግራኝ አሕመድን ድል ያደረገው በፖርቱጋሎች እርዳታ ነውና ባለውለታ ነበር። መልእክተኞቹ ደግሞ ኢትዮጵያውያንን “አይሁድነት አለባችሁ” እያሉ ይከሱ ነበር። ንጉሡ ለዚህ ክስ በግዕዝ አጭር የእምነት መግለጫ ጻፈ። የሚደንቀው ስለ ቅዳሜ፣ ስለ ግዝረትና ስለ አሳማ ለቀረቡት ሦስት ክሶች ሦስት የተለያዩ መልሶች መስጠቱ ነው።

ስለ ቅዳሜ የሰጠው መልስ ጽኑ ነው። እናከብራለን፣ ግን ውኃ እንደማይቀዱትና እሳት እንደማያነድዱት እንደ አይሁድ አይደለም ይላል። እነሱ በሥራ ክልከላ ያከብሩታል፤ እኛ ቅዳሴ በመቀደስና ማዕድ በመካፈል፣ ሐዋርያት ዲድስቅልያ በተባለው የሥርዓት መጽሐፍ እንዳዘዙት። ቀኑ የኦሪት ሆኖ አከባበሩና ያዘዘው አካል የሐዲስ ኪዳን ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ መልስ ጀርባ የሁለት መቶ ዓመት ትግል አለ። በ14ኛው መቶ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበታት፣ ቅዳሜም እሑድም፣ እኩል ይከበሩ ብሎ ሲያስተምር ከግብፅ የሚመጡት ጳጳሳት አልተቀበሉትም። አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ በ1352 አርመን አገር ዐረፈ። ደቀ መዛሙርቱ ከክህነትና ከቤተ መንግሥት ተገልለው በየገዳማቸው ቅዳሜን ማክበር ቀጠሉ። ዐፄ ዳዊት በ1404 እንደ ልማዳቸው እንዲያከብሩ ፈቀደላቸው። በ1450 ደግሞ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ ግብፃውያኑ ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ባሉበት የሁለቱ ሰንበታት ሥርዓት ለመላው ቤተ ክርስቲያን ጸና። እነዚህ መነኮሳት ቅዳሜን በልማድ ብቻ ያዙት ማለት አይቻልም፤ ልማድ ብቻ የሆነ ነገር ያንን ያህል ስደት አያስችልም።

ግዝረት ላይ የንጉሡ ድምፅ ይለዝባል። የአገር ልማድ ነው፤ ፊትን እንደ መብጣት፣ ጆሮን እንደ መብሳት ነው ይላል። መገረዝም አለመገረዝም ከንቱ ነው ያለውን ጳውሎስን ይጠቅሳል። በእኔ ግምት ከሦስቱ ደካማው መልስ ይህ ነው። ልማድ ብቻ ከሆነ ለምን ልክ በስምንተኛው ቀን? ስምንተኛው ቀን ከአብርሃም ቃል ኪዳን የመጣ ነው። አርባና ሰማንያውም እንዲሁ፦ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ለወንድ ልጅ እናት ሰባት ቀንና ሠላሳ ሦስት፣ ለሴት ልጅ እናት አሥራ አራት ቀንና ስድሳ ስድስት ይቈጥራል፤ ሲደመር አርባና ሰማንያ። ቤተ ክርስቲያን ቁጥሩን ከኦሪት ወስዳ መጨረሻውን ጥምቀት አደረገችው። ንጉሡ ከሳሾቹን ለማብረድ ከሚያምነው አሳንሶ የተናገረ ይመስላል።

ስለ አሳማ ብዙ አላለም። ሕግ አስገድዶን አይደለም፤ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም አለ። ይህ የሮሜ ምዕራፍ 14 መንፈስ ነው። ዛሬ በየመንደሩ የምናየው መጸየፍ ግን ከንጉሡ ቃል የበረታ ነው።

ሊቃውንት ስለ እነዚህ ሥርዓቶች አመጣጥ ይከራከራሉ። ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ በ1956 ባሳተመው ጥናት የጥንት የአይሁድ ተጽዕኖን አጉልቶ ሲያሳይ፣ ማክሲም ሮዲንሰን ደግሞ በኋላ አብዛኛው ክርስቲያኖቹ ራሳቸው ብሉይ ኪዳንን አንብበው የቀዱት ነው ብሎ ተቃወመው። የኤዎስጣቴዎስን ታሪክ ያየ ሰው ለሁለተኛው ሐሳብ ጆሮ መስጠቱ አይቀርም። ያም ሆኖ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ የምእመኑን ምክንያት አይመልስም። የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስትም ቅዳሜን ያከብራል፣ አሳማም አይበላም፤ ነገር ግን ሰንበትን አክብር የሚለው አራተኛው ትእዛዝ ፈጽሞ አልተለወጠም ብሎ ስለሚያምን እሑድን ከቅዳሜ ጋር አያስተካክልም፤ ግዝረትም የሃይማኖቱ ሥርዓት አይደለም። ቀኑ አንድ፣ ምክንያቱ ሌላ።

ገላውዴዎስ ያልጻፈው አራተኛ ምክንያትም ነበር፤ እሱን ያጋለጠው ዐፄ ሱስንዮስ ነው። ሱስንዮስ ወደ ሮም ሃይማኖት ሲዞር ቅዳሜን ማክበር ከለከለ፤ በ1625 የመጣው የካቶሊክ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ደግሞ ግዝረትንም ከሚወገዙት ቈጠረው። ዲድስቅልያን ገልጦ የማያውቅ ገበሬ መሣሪያ አንሥቶ ተነሣ፤ የአባቶቹ ቀን ተነክቶበታልና። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በ1632፣ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጀና ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ።