ሁለት ጊዜ የመጣ ቃል

አዳማና ናዝሬት በሚሉ ሁለት ስሞች መጠራት በለመደችው ከተማ አንድ የሒሳብ ክፍል ውስጥ እንግባ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ትራፒዚየም ይሥላል፤ ሲጨርስ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። ሥዕሉም ጠረጴዛውም ስማቸውን ያገኙት ከአንድ የግሪክ ቃል ነው፤ ከ«ትራፔዛ»። ትርጉሙ «ባለ አራት እግር» ነው።

የጥንት ግሪኮች ትንሹን ጠረጴዛ «ትራፔዚዮን» ይሉት ነበር። የሒሳብ ሊቁ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ ይህን ስም ለቅርጽ ሰጠው። ሁለት ጎኖቹ ብቻ ትይዩ ለሆኑት ተለይቶ ሲሰጥ የምናየው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ5ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው በፈላስፋው በፕሮክሎስ ጽሑፍ ነው። ላቲን ሲዋሰው የመጨረሻውን «ኦን» ወደ «ኡም» ለወጠና «ትራፔዚዩም» አለው። ፆታው ወንዴም ሴቴም አይደለም፤ አማርኛም ግዕዝም የሌላቸው ሦስተኛ ፆታ ነው። ሲበዛ «ትራፔዚያ» ይሆናል። እኛ ዘንድ የደረሰው በእንግሊዝኛ በኩል ስለሆነ ያንን ትተን «ትራፒዚየሞች» እንላለን።

ጠረጴዛ ግን የላቲንን ደጅ አልረገጠም። ግዕዝ በቀጥታ የወሰደው የቤተ ክህነት ሰዎች ጽርዕ ከሚሉት ከግሪክ ነው። ማስረጃው ፊደሉ ላይ ተቀምጧል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው። የአክሱም ዘመን ጸሐፊዎች የግሪኩን «ት» በጠ፣ «ፕ»ን በጰ፣ «ክ»ን በቀ ይጽፉ ነበር። ጴጥሮስን፣ ጰራቅሊጦስን፣ ኤጲስ ቆጶስን ያየ ሰው ሕጉን ወዲያው ይይዘዋል። ጰ ራሱ ፊደል ገበታችን ውስጥ የገባው ለእንዲህ ያሉ የውጭ ቃላት ሲባል ነው። እንግዲህ በጠና በጰ የተጻፈው የጥንቱ እንግዳ፣ በትና በፒ የተጻፈው የትናንቱ ነው። ጥንቱን የመጣውማ ፈጽሞ ቤተኛ ሆኗል፤ ጠረጴዛው፣ ጠረጴዛዬ፣ ጠረጴዛዎች ስንል ባዕድነቱ ትዝ የሚለው የለም። የአዳማ አናጢ አፋን ኦሮሞ ሲናገር ሚንጃላ ይለዋል፤ አማርኛ ሲናገር ደግሞ ሳያውቀው ግሪክኛ ይጠራል።

ግሪክ አገር ቃሉ ሌላም ሥራ አለው። ገንዘብ ለዋጮች ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጡ ስለነበር ባንክ እስከ ዛሬ «ትራፔዛ» ይባላል። ከአዳማ ተነሥቶ አቴና የደረሰ ሰው ገንዘብ ሊመነዝር ሲሄድ በሩ ላይ ተጽፎ የሚያገኘው የቤቱን ጠረጴዛ ስም ነው።