ጠጠሩ ከላይ ወይስ ከታች?

በጋውን ሙሉ አንድ ጠብታ ውሃ ሳያገኝ ወዙን ጠብቆ የከረመ እሬት፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነካ ስታደርጉት ከሥሩ ተገንጥሎ እጃችሁ ላይ ቀርቶ ያውቃል? ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው። ከታች ያለው ክፍል ግን እንደ በሰበሰ ድንች ላሽቋል፣ ይሸታልም። አብዛኛው ሰው «ብርዱ ገደለው» ይላል። ብርዱ እንኳ በዚህ አይከሰስም! አዲስ አበባ ላይ ሌሊቱ በጣም የሚቀዘቅዘው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ያኔ እሬቱ ምንም አልሆነም። የገደለው ውሃ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ሥሩ አጠገብ ቆሞ አልንቀሳቀስ ያለ ውሃ።

ሮክ ጋርደን የምንለው የድንጋይ መደብ ዋና ሥራው ይህን ችግር መፍታት ነው። ብዙዎቻችን ግን ድንጋዩን እንደ ጌጥ ብቻ እናየዋለን፤ ጠጠሩንም መሆን በሌለበት ቦታ እናደርገዋለን።

ውርጭና ድርቅ ምን አገናኛቸው?

ሮክ ጋርደን ላይ ሁለት ዓይነት እፅዋት ጎን ለጎን ይተከላሉ። አንደኞቹ አልፓይን ይባላሉ። ዛፍ ማደግ ከሚያቆምበት ከፍታ በላይ የሚኖሩ ናቸው። ሰሜን ተራሮች ወይም የባሌው ሳነቴ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር አካባቢ ብትወጡ ታገኟቸዋላችሁ፤ ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፣ ሌሊት ደግሞ ውርጩ መሬቱን ያደርቀዋል። ሁለተኞቹ ሳኩለንት የሚባሉት ናቸው፤ በወፍራም ቅጠላቸው ወይም ግንዳቸው ውስጥ ውሃ ይቋጥራሉ። እሬት፣ እንዳሁላና ቁልቋል ከእነዚህ ወገን ናቸው።

የአንዱ ፈተና ውርጭ ነው፣ የሌላው ድርቅ። ታዲያ ለምን አንድ መደብ ይጋራሉ? ሥራቸው የሚኖርበት ቦታ ስለሚመሳሰል ነው። አሎ ፑልኬሪማ የሚባለውን፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘውን የእሬት ዝርያ ውሰዱ። ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ይበቅላል። ዝናብ ይመታዋል፣ ውሃው በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ሽቅብ ሳይሆን ቁልቁል ሮጦ ያልፋል፣ ወዲያው አየር ይተካል። የከፍተኛ ተራራ እፅዋትም ብዙዎቹ የሚኖሩት እንዲህ ባለ ፍርክስክስ ድንጋይ ላይ ነው። ውሃ ይወዳሉ፤ የሚጠሉት የቆመ ውሃ ነው።

አውሮፓውያን አትክልተኞች ይህን በኪሳራ ነው የተማሩት። በአልፕስ ተራሮች ላይ ክረምቱን በደረቅ በረዶ ተሸፍኖ በሰላም የሚያድር ተክል፣ ብርዱ ቀለል ወዳለበት ግን ዝናብ ወደማያቋርጥበት ወደ እንግሊዝ ሲወሰድ ይበሰብስ ነበር። ስለዚህ ተራራውን በትንሹ መገንባት ጀመሩ። ለንደን የሚገኘው ቼልሲ ፊዚክ ጋርደን እ.ኤ.አ. በ1773 የሠራው የድንጋይ መደብ እስካሁን አለ። ከድንጋዮቹ ከፊሉ ጆሴፍ ባንክስ ከአይስላንድ ያመጣው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሆን ከፊሉ ደግሞ ከለንደን ግንብ የተገኘ አሮጌ የሕንፃ ድንጋይ ነው።

የሰመጠ ሥር

ሥር ይተነፍሳል። ልክ እንደኛ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ኦክስጅኑንም የሚያገኘው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ካለው አየር ነው። ክፍተቱን ውሃ ሲሞላውስ? ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል ቀርፎ ነው። ሥሩ በቃ ይታፈናል። የደከመውን ሥር ደግሞ እንደ ፊቶፍቶራ ያሉ በውሃ ውስጥ እየዋኙ የሚሰራጩ በሽታ አምጪዎች ይጨርሱታል። የሸተታችሁ የእነሱና የባክቴሪያዎች ሥራ ነው።

«እሺ፣ እንግዲያውስ ውሃው እንዲወርድ ከአፈሩ ሥር ጠጠር እናንጥፍ» ትሉ ይሆናል። ማሰሮ ላይ ተክል የሚተክል ሁሉ የሚሰጠው ምክር ነው፤ እኔም ለዓመታት አምኜበት ነበር። ስህተት ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ወደ ኩሽና ሂዱና የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አምጡ።

ስፖንጁን ውሃ ውስጥ ንከሩትና ጠግቦ ሲወጣ በጠፍጣፋ ጎኑ፣ በአግድም ያዙት። መጀመሪያ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ያቆማል። አሁን ሳትጨምቁት በጠባቡ ጎኑ አቁሙት። እንዴ! እንደገና መፍሰስ ጀመረ። ስፖንጁ ያው ነው፣ ቀዳዳዎቹም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው።

ትናንሽ ቀዳዳዎች ውሃን ይዘው የማስቀረት ኃይል አላቸው፤ ካፒላሪ የምንለው ነው። የመሬት ስበት ደግሞ ወደ ታች ይጎትታል። ቀዳዳዎቹ ሊሸከሙት የሚችሉት የውሃ ከፍታ የተወሰነ ነው፤ የሚወስነውም የቀዳዳው ስፋት ነው። ከዚያ ከፍታ በላይ ያለው ውሃ ይወርዳል፣ ከዚያ በታች ያለው ይቀራል። ስለዚህ በማንኛውም አፈር ግርጌ፣ ዝናቡ ካባራም በኋላ፣ በውሃ የጠገበ ንብርብር ይቀራል። ከሥሩ ጠጠር ስታነጥፉ ይህ ንብርብር አይጠፋም። የጠጠሩ ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ከላይ ያለውን ውሃ የሚስብበት ኃይል የለውም፤ ውሃው ደቃቁ አፈር ውስጥ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ጠጠሩ ያደረገው ነገር ቢኖር ጭቃውን ከማሰሮው ግርጌ አንስቶ ወደ ሥሩ ማቅረብ ነው።

መፍትሔው ታዲያ ከስፖንጁ ጋር አንድ ነው፤ መደቡን ከፍ ማድረግ፣ ክፍተቶቹን ማስፋት።

ስትሠሩት

አዲስ አበባና አካባቢዋ ብዙ ቦታ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ጫማ ይዞ ያስቀራል። እዚህ ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በጠጠርና በአሸዋ ብትሞሉት የሠራችሁት ገንዳ ነው፤ የግቢው ውሃ በሙሉ እሱ ውስጥ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ስለዚህ አትቆፍሩ። ከመሬት በላይ ከምሩ፤ ቢያንስ 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር፣ ከተቻለ ተዳፋት ላይ።

ክምሩ በአብዛኛው ሻካራ ነገር መሆን አለበት። ለመንገድ ሥራ የሚደፋው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ሬድ አሽ የሚሉት፣ በጣም ጥሩ ነው፤ በፍሬዎቹ መካከል አየር ያልፋል፣ በየፍሬው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ደግሞ ትንሽ እርጥበት ይይዛሉ። ግማሹ እሱ ቢሆን፣ የቀረው ሻካራ አሸዋና ጥቂት የበሰለ ብስባሽ። ዋልካ ላይ አንድ ሁለት አካፋ አሸዋ ጨምሮ «አሻሻልኩት» ማለት አይሠራም፤ ጭቃው የአሸዋውን ክፍተት ሞልቶ ነገሩ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ፍሬዎቹ እርስ በርሳቸው እስኪነካኩ ድረስ ሻካራው መብዛት አለበት።

ድንጋዮቹን ላዩ ላይ እንደ ዳቦ አታስቀምጧቸው። ሲሶአቸውን ቅበሩ፤ ፊታቸውንም ወደ ክምሩ ውስጥ ትንሽ አዘንብሉ፣ ዝናቡ ወደ ሥር እንዲገባ። «ውሃ ጠላት ነው ስትል አልነበር እንዴ?» ቆይ፣ ውሃው ገብቶ ያልፋል እኮ፤ አይቆምም። ድንጋይ ሌላም ጥቅም አለው። ፀሐዩ የላይኛውን ፊት ሲጠብሰው ከሥሩ ያለው አፈር ቀዝቃዛና ትንሽ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በበጋ መስክ ላይ አንድ ድንጋይ ብታነሱ ታዩታላችሁ፤ አልፓይኖች ሥራቸውን ወደዚያ ይሰዳሉ።

አሁን ወደ ርዕሱ ጥያቄ። ጠጠሩ ከላይ ነው። ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ደቃቅ ጠጠር በተክሉ አንገት ዙሪያ አልብሱ። ከታች ጥፋት የነበረው ያው ባሕርይ ከላይ ጥቅም ይሆናል፦ ሰፊው ክፍተት ከአፈሩ ውሃ አይስብም፣ ስለዚህ አንገቱ ደረቅ ይሆናል። በበጋ ደግሞ የአፈሩ እርጥበት በቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። የጭቃ ፍንጣቂም ቅጠሉ ላይ አይደርስም።

ሌሊት የሚሠሩ ቅጠሎች

እ.ኤ.አ. በ1813 ህንድ ውስጥ የነበረው ቤንጃሚን ሄይን፣ የእንዳሁላ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል ጠዋት ሲቀምሰው ይኮመጥጣል፣ እኩለ ቀን ሲሆን ጣዕሙ እንደሚጠፋ አስተዋለና ጻፈ። ምክንያቱ ኋላ ላይ ነው የታወቀው። ብዙ ሳኩለንቶች ቀን በፀሐይ ውሃ እንዳይተንባቸው የቅጠል ቀዳዳቸውን ይዘጋሉ። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይከፍቱና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስገብተው ማሊክ አሲድ አድርገው ያስቀምጡታል። ነግቶ ብርሃን ሲመጣ ከዚያ ክምችት እያወጡ ምግባቸውን ይሠራሉ።

እናንተ ግን አትቅመሱ፤ የእንዳሁላ ወገን ከሆኑት መካከል ልብን የሚጎዳ መርዝ ያላቸው አሉ። ይልቅ ወፍራም ቅጠል ካለው ሳኩለንት ገና ጎህ ሳይቀድ አንድ፣ አመሻሽ ላይ ሌላ ቁረጡ፤ ጨቅጭቃችሁ ጭማቂውን በትምህርት ቤት የፒኤች ወረቀት ለኩ። በአንዳንዱ ዝርያ ልዩነቱ ጎላ ብሎ ይታያል፣ በሌላው ደከም ይላል።

ይህ አኗኗር ተክሉ ውሃ የሚጠቀመው በጣም በዝግታ መሆኑንም ያስረዳል። የበቆሎ ችግኝ በቀን ከአፈሩ ብዙ ውሃ መጥጦ ያወጣል፤ እሬት ግን አፈሩን አያደርቅላችሁም። ማድረቁ የመደቡ ሥራ ነው።

ምን እንትከል?

ጅብራን አትሞክሩ። ለብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሲያሳድግ ኖሮ አንዴ አብቦ የሚሞት፣ ቤቱ ተራራ ላይ የሆነ ተክል ነው። ለመጀመር እሬት፣ እንዳሁላ፣ በደጋችን ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አዮኒየም፣ ከተገኘ ደግሞ አውሮፓውያን ጣሪያቸው ላይ ይተክሉት የነበረው ሴምፐርቪቨም ይበቃሉ። ቀይ አበባ ያለው የደብረ ብርሃን አካባቢው አሎ ዴብራና ያምራል፤ ግን እሱም ሆነ አሎ ፑልኬሪማ ከዱር አይነቀሉም። የሚገኙት እዚሁ አገር ብቻ ስለሆነ፣ ከገደሉ ላይ የነቀላችሁትን ተክል ከሌላ አገር የሚተካ የለም። ካለው ሰው ግቢ ቅንጣይ ለምኑ።

ቅንጣዩን ስትቀበሉ ወዲያው አትትከሉት። የተቆረጠው ቦታ እስኪደርቅና ቅርፊት እስኪሠራ ጥላ ሥር ለጥቂት ቀናት አስቀምጡት፤ እርጥብ ቁስል ይዞ አፈር የገባ እሬት ዝናብ እንኳ ሳይመጣ ይበሰብሳል። መትከያው ጊዜ ከመስከረም በኋላ ነው፤ ያኔ ሥር ለመስደድ ወራት ይኖረዋል። ቀጣዩ ሐምሌ ሲመጣ፣ ከባድ ዝናብ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠጠሩን ገለጥ አድርጋችሁ ጣታችሁን አስገቡ። እርጥብ ሆኖ የሚፈረፈር ከሆነ ጥሩ ነው። ጣታችሁ ላይ ጭቃ ከተለጠፈ ግን ክምሩን አፍርሳችሁ ሬድ አሹን ጨምሩ።